ለሱቃችን ድረ ገጽ ሠሪ ስፈልግ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሱቃችን ማስታወቂያ አልነበራትም። ማስታወቂያዋ እሱ ነበር። ርሖቦት ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ የሙሽራ ቀሚስ፣ ነጠላና የበዓል ልብስ እናዘጋጃለን፤ ጥልፉ የእኔ፣ ስፌቱ የእሱ ነበር። ሰርግ ሲጠራ ለመብላት ብቻ አይሄድም። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የሰው ልብስ ያያል። "እመቤቴ፣ ይህን እጅጌ ማን አሳጠረብሽ? ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?" ይላል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ በሳምንቱ እናትና ልጅ ተያይዘው በራችን ላይ ናቸው። እኔ አፍር ነበር። "የሰው ሰርግ ላይ ገበያ ታቆማለህ" ብዬ ስቆጣው፣ "ገበያ አይደለም፤ እጅጌው አሳዝኖኝ ነው" ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ሞተ።

ሐዘንተኛ ሰርግ አይሄድም። እሱ የለም፣ እኔ አልሄድም፤ ሱቃችንም ከሰርግ ቤት ጠፋች። ስምንት ወር ሙሉ የመጣልኝ ሥራ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ነበር። የእኛ ሰዎች አልጠፉም። ይገባሉ፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ይሉኛል፣ ጥቂት ይቀመጣሉ፣ ቀሚሶቹን ቀና ብለው ሳያዩ ይወጣሉ። እኔም ሰው አልረሳኝም ብዬ አመሰግን ነበር።

አንድ ቀን ለልጄ፣ "እስከ ስግድ በዓላችን ድረስ አንዲት ሙሽራ እንኳ ካልመጣች ሱቁን እዘጋለሁ" አልኳት። ሃያ ዓመት የኖርንባት ሱቅ ናት። ከእሱ እጅ የቀረኝም እሷው ናት። ልጄ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አላባበለችኝም።

"እማ፣ ዛሬ ሰው በአፍ አይጠይቅም፤ በስልኩ ነው የሚፈልገው። አታር ያስፈልግሻል" አለችኝ። አታር የምትለው በዕብራይስጥ ድረ ገጹን ነው።

"አባትሽን የሚተካ አታር አለ?"

"የለም። ግን አታር አይሞትም" አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቃችን መጣ። እሱ ከሞተ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ሠሪዎቹ ፎቶ ይፈልጋሉ ስላለችኝ፣ በሱቁ መስታወት ውስጥ የቆሙትን ሦስት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች በስልኬ አነሣኋቸው። እኔና እሱ "ሙሽሮቹ" ነበር የምንላቸው። ድሮ የሚያለብሳቸው እሱ ነበር። ከለቅሶው ሰባት ቀን በኋላ ሱቁን ስከፍት ግን አቧራቸውን አራግፌ በገዛ እጄ አልብሻቸው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ከቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ብዙ ወደማይርቅ አንድ ቢሮ ነው። ሰውዬው ጎልማሳ ነው፤ ሻይ አስመጣልኝ፣ ፎቶዎቼን በትልቅ ስክሪን ላይ ዘረጋቸው። "ያፌ፣ ያፌ" አለ፤ ቆንጆ ነው ማለቱ ነው። ደንበኞቼ እነማን እንደሆኑ፣ ስልካቸውን በየትኛው ሰዓት እንደሚከፍቱ ብዙ ነገረኝ። ልብሱ ለምን ቀን እንደሚለበስ ግን አልጠየቀኝም። ክፉ ሰው አልነበረም። ስወጣ በሩን ከፍቶ እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ።

ሁለተኛው የጎረቤቴ አማች ነው፤ ቂርያት ዔቅሮን ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። የእኛው ሰው በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ገና ሳንነጋገር ሥራውን ጨርሶ ጠበቀኝ። ስልኩን ሲከፍት የሱቃችን ስም አለ፣ ከሥሩ አበባ አለ፣ በአበባው መሀል አንዲት ነጭ ሙሽራ ትስቃለች።

"ይህች ማን ናት?"

"አላውቃትም እማማ፤ ከኢንተርኔት ነው ያመጣኋት።"

"ቀሚሷን እኛ አልሰፋነውም።"

"ምን ችግር አለው? ማን ያውቃል?"

"የሰፋው ያውቃል" አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ግን እንደማልመለስ ሁለታችንም ገብቶናል።

ሦስተኛዋ ከኦሺዮት ሰፈር መጣች። እናትና አባቷ ከጎንደር ናቸው፤ እሷ እዚሁ የተወለደች፣ የሁለት ልጆች እናት። "ቢሮ አልፈልግም፤ ሱቁን ልየው" ብላ ነበር። በቀጠሮው ቀን ቶሎ አልገባችም። ከመስታወቱ ውጭ ቆማ ሙሽሮቹን ለረጅም ጊዜ ስታያቸው ከውስጥ አየኋት። ከዚያ ገባች፣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ፣ ተቀመጠች። ስለ ክሩ ጠየቀችኝ፤ አንዱ ጥልፍ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ፎቶዎቹን ሰጠኋት። አንዱን ታያለች፣ ወደ ሌላው ታልፋለች፣ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች።

"እማማ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቆጡኛል?"

"ጠይቂኝ ልጄ።"

"እኔ እዚህ ነው ያደግሁት፤ ላይገባኝ ይችላል፣ ቤሰደር፣ እሺ? ሴት አያቴ ግን ባሏ ሲሞት ነጠላዋን እንዲህ ነበር የምትለብሰው። ጥለቱ ወደ አንገቷ ዞሮ። ለሙሽራም እንደዚህ ነው?"

ተነሥቼ ወጣሁና እሷ በቆመችበት ቦታ ቆምኩ። እውነቷን ነው። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኛ ዘንድ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐዘን የገባ እንደሆነ ይዘቀዘቃል፣ ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ይረዳል። ከለቅሶው በኋላ ሱቁን በከፈትኩ ጠዋት ራሴን ባለበስኩበት እጅ እነሱንም አልብሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሐዘንተኛ ሙሽሮች አቁሜ ሰው ለምን ቀሚስ አይገዛኝም ስል ኖሬያለሁ። ልጄ የነጠላን ሥርዓት አታውቅም። የቢሮው ሰው አያውቅም። የጎረቤቴ አማች ከነጭራሹ አላያቸውም። የእኛ ሰዎች ግን አይተዋል። ሐዘንተኛን "ልብስሽ ተሳስቷል" የሚል ማን ነው? አይተው፣ "ገና ናት" ብለው፣ ገብተው አጽናንተውኝ ሄዱ። የሐዘን ቤት ገብቶ የሰርግ ቀሚስ ስንት ነው የሚል የለም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ልጅቱ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ።

"ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆን?" አለች።

"ሁሉም ዝም ብሏል ልጄ። አንቺ እንኳን ተናገርሽ።"

"እንግዲያው ያላ፣ እናስተካክላቸው?"

"ቆይ" አልኳት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጨርቅ ማዞር ነው። ለእኔ ግን እነሱን ማስተካከል በእሱ ላይ በር መዝጋት መሰለኝ። ልጅቱ አልቸኮለችም። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ አላነሣችውም። ቆይቼ፣ ለራሴ ይሁን ለእሷ ሳላውቅ፣ "የእኔ ሐዘን የእኔ ነው። በሰው ልጅ የሰርግ ልብስ ላይ ምን ሥራ አለው?" አልኩ።

"እርስዎ ያልብሷቸው። እኔ ወንበሩን እይዝልዎታለሁ" አለችኝ።

ወንበር ላይ ወጣሁ። አንደኛዋን አስተካከልኩ፣ ሁለተኛዋን አስተካከልኩ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ጥቂት አረፍኩ። ልጅቱ ከታች ሆና፣ "ቀስ ይበሉ፤ እሷ ቀጠሮ የላትም" አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የራሴን ነጠላ አልነካሁትም፤ እንደተዘቀዘቀ ነው።

ማታ ልጄ ደወለች። "እሺ፣ ምን ዓይነት ሥራ አሳየችሽ?"

"ምንም አላሳየችኝም። መርጫታለሁ።"

"እማ! ሥራዋን ሳታዪ?"

"አይቻለሁ" አልኳት።

በሌላ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ በመስታወቱ በኩል ስትገባ ጠብቃ ፎቶ አነሣች። ቀሚሶቹን ብቻ ሳይሆን ጥልፍ ላይ ያለውን እጄንም አነሣችው። ጽሑፉን በአማርኛና በዕብራይስጥ አደረገችው፤ አማርኛውን እኔ ጻፍኩ፤ አራት መስመር ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። የባለቤቴ ፎቶ ይግባ ወይ ስትለኝ፣ በስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የሚስቅበትን ሰጠኋት። አሁን ሳስበው ሁሉንም አመሰግናለሁ። ሻይ ያስመጣልኝን ሰውም፣ ያን ያህል ወር በዝምታ ያከበሩኝንም። እሷን ግን ከሁሉም አብልጬ፤ አንድ ቃል ለመናገር ደፍራለችና።

በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት ከነልጇ ከሰሜን በኩል በአውቶቡስ መጣች። ባለቤቴን አያውቁትም፣ እኔንም አያውቁኝም። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ስልኳንና ሱቁን አስተያየች።

"ያየናት ይህችን ነው አይደል? ጠባብ ናት!"

"እማ፣ ነውር ነው!" አለች ልጅቷ።

"ምን አልኩ? ጠባብ ቤት ጥሩ ሥራ አለበት።"

ልጅቷ ከመሀለኛዋ አሻንጉሊት ፊት ቆመች። ጥልፉን በጣቷ ጫፍ ተከተለችው፣ ከደረት እስከ ጫፍ። ከዚያ "ይህን" አለች። ሜትሩን ይዤ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካሁ። እናትየዋ እያንዳንዱን ቁጥር ከእኔ እኩል ጮክ ብላ ትደግማለች።

"ሰርጉ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው" አለችኝ። "ይደርሳል?"

በልቤ አሰላሁ። ጥልፉ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስፌቱን ድሮ የሚሠራው እሱ ነው፤ እኔ እዘገያለሁ፣ ሁለት ሳምንት ልበል። አንድ ሳምንት ለማስተካከያ ይተርፋል። ከሞተ ጀምሮ ከነገ ወዲያ ያለውን ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

"ይደርሳል" አልኳት።