የእሑድ ዓምድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የአባቷን አሮጌ ኮምፒውተር ከቁም ሳጥን አወጣችና «እማ፣ ይሄ ፕሮግራም ለምንድን ነው አልሠራም የሚለው?» ብላ ጠራችኝ። ሄጄ አነበብኩት። ያን ጊዜ የቡሬ መንገድ ትዝ አለኝ።

ኮምፒውተር ተምረን የጨረስን ሰሞን ነው። ይበልጣል ገና ባሌ አልሆነም፤ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር እየሄድን ለአንድ ትንሽ የመስኖ ማኅበር የውሃ ተራ እናወጣ ነበር። ጥር ስለነበር አቧራው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን ከሩቅ ይቀበለናል።

ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ፦ ለሁለት ሳምንት ሁለት ረድፍ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባት ቀን ሰባት ዓምድ፣ በየቀኑ አንድ ባለተራ። ተራውን የሚያስከብሩት የውሃ አባት አያ ሞላ የነገሩኝ ስም ግን አሥራ ሁለት ብቻ ነው። የምንጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ስም ሲያጥረው ዝም ብሎ ከመጀመሪያው እየደገመ ይሞላል። ይህን ጠባዩን እወድለት ነበር።

«ቁጥሩ ካልገጠመ የሚያቆመው አንድ መስመር እንጨምር» አለኝ ይበልጣል።

«ምን አደከመህ፣ ራሱ ይሞላው የለ!»

«መሙላቱን አይደል የፈራሁት።»

ሳቅሁበትና ወረቀቱን አትሜ ሰጠሁ።

ለካ አያ ሞላ እሑድን አልቆጠሩም፤ በሰንበት ቦይ የሚከፍት የለማ። ሰባተኛዋ ባለተራ እማማ የሺ እሑድ ደረሳቸው። ቤተ ክርስቲያን ስመው ቤታቸው ዋሉ። ሰኞ ሲወርዱ ውሃው የሌላ ሰው ሆኗል። በሳምንቱ ስንመጣ የዓመት ተስፋቸው የሆነው ሽንኩርት ቅጠሉ ተኝቷል።

«ሰንበት ልታሽሪኝ ነው ወይስ ጦሜን ልታሳድሪኝ፣ ልጄ?» አሉኝ።

የዕለቱ ተራ የአያ ሞላ ነበርና ቦዩን ወደ እማማ የሺ መደብ መለሱት። «ወረቀት ሰንበት አያውቅ፤ እኛም ለልጅቷ አልነገርናት» ብለው ሸፈኑልኝ። ይበልጣል ሱሪውን ጠቅልሎ አብሯቸው ጭቃ ገባ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሽንኩርት ተረፈ።

በመንገድ ላይ «ነግሬሽ ነበር» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቡሬ ላይ እሸት ሽምብራ ገዝቶ እየፈለፈለ አቀበለኝ። የወደድኩት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ያቺን መስመር ጻፋት። ልጄ ያየችውም እሷን ነው፦ «ቁጥሩ አልገጠመም። አንቺዬ፣ ከመሙላትሽ በፊት ሰዎቹን ጠይቂ።»

«ላጥፋትና ራሱ ይሙላው?» አለችኝ ልጄ።

«ተያት» አልኳት።

ይበልጣል ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። የሚያጽናናኝ ሁሉ ባዶውን ቦታ ቶሎ ሊሞላልኝ ይፈልጋል። ጎድሏል ብሎ የሚቆምልኝ በዚያች መስመሩ እሱ ራሱ ብቻ ሆነ። ልጄ ስትወጣ ፕሮግራሙን ደግሜ አስነሣሁት፤ «አንቺዬ» እንዲለኝ።