ትዋብ ማን ልበል?

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ መቃብር የብረት መስቀል ላሠራ ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ብየዳ ቤት ሄድሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሩዙ ታጭዶ ገለባው በየመንገዱ ዳር ተከምሯል፤ ከተማው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። በያጁ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነው። ከእኔ ቀድሞ የመጣ አንድ ገበሬ የተሰበረ ጋሪውን ሊያስበይድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱ ከአንድ የላስቲክ ኩባያ ውሃ ይቀባበላሉ፤ ገበሬው ጎንጨት ይልና ለበያጁ ያቀብለዋል፣ በያጁም ጠጥቶ ይመልስለታል። ዓይኔ ኩባያዋ ላይ ቀረ።

ተራዬ ሲደርስ ልጁ ጠመኔውን አንሥቶ ስሟ በሚበየድበት ላሜራ ላይ «ትዋብ» ብሎ ጻፈና ቀና አለ።

«አባቷስ? ትዋብ ማን ልበል?»

ሁለት ስም እኩል ምላሴ ላይ መጡብኝ።

«ነገ መጥቼ ልንገርህ፣ ልጄ።»

«ምነው እማማ፣ የእህትዎ አባት ስም ጠፋዎት እንዴ?» አለና ሳቀ። ገበሬውም ሳቀ። እኔም ለወጉ አብሬ ሳቅሁና ወጣሁ። ቢስቁ አይፈረድባቸውም፤ የእህቷ አባት ስም የሚጠፋት ሴት የት አይተው!

አጠገቡ ካለው ሱቅ ሬዲዮ ስለ ፎርጅድ የትምህርት ማስረጃ ያወራል። ዛሬ ፎርጅድ የማይባል ነገር የለም፤ ዲግሪው፣ መታወቂያው፣ ቅቤው ሳይቀር። መምህር የሆነው ልጄ፣ ፈረንጆች በዚሁ ቃል ብረት በእሳት አግሎ መቀጥቀጥንም እንደሚጠሩበት አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር። ለእርሱ የመማሪያ ክፍል ወግ ናት። እኔ ግን ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዛፍ ሥር፣ በአንድ ሰው እጅ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ያደግሁት ቁሐር ሚካኤል ነው። የማወራላችሁ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነው ነው፤ ሩዝ ገና እንግዳ እህል ነበረ፣ እኔም ኮረዳ ነበርሁ። ከማሳችን ጫፍ፣ የክረምቱ ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንዲት ዋንዛ ነበረች። ከዋንዛዋ ሥር ቀጥቃጩ አያ ደምለው ወናፉንና ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን ይዞ ይኖራል። የፎገራ ጥቁር አፈር ማረሻ ይበላል፤ ዝናቡ ሊጀምር ሲል አገሬው በሙሉ ማረሻውን ተሸክሞ ወደ እርሱ ይጎርፋል። ማረሻው እስኪሳል ግን ራቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ከቤቱ አይገባም፤ ከእጁ ውሃ እንኳ አይቀበልም። ቡዳ ነው ይሉታል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። እናቴ ለሰው አዛኝ ሴት ነበረች፤ ይሁንና እርሷም ብትሆን የአያ ደምለውን ዋንጫ ለብቻ ከምሰሶው ላይ ትሰቅላት ነበር። ማንም አይነካት።

ትዋብ የእርሱ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች፣ በተለይ ውሃው ሜዳውን ሲሞላው፣ ከእኛ ቤት ታድር ነበር። አንድ ጋቢ ለብሰን፣ ወረታ ድረስ አብረን እየተመላለስን ተምረናል። ከአባቴ ከፈንቴ ቤት ስትወጣና ስትገባ ያያት እንግዳ ሁሉ የቤቱ ልጅ ትመስለው ነበር። ነገሩም ከዚህ ተነሣ።

ለኅዳር ሚካኤል ከአንበሳሜ በኩል የመጣ አለልኝ የሚባል ጎረምሳ አይቷት ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ላከ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ለእኔ የመጡ መስሎኝ ጆሮዬን ቀስሬያለሁ። ቆመው «አንቀመጥም» ብለው፣ ተለምነው፣ በመጨረሻ «ትዋብ የምትባለዋን ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ ቅናት ቢጤ ወጋ እንዳደረገኝ አልደብቅም። አባቴ ፈገግ ብሎ «የእኔ አይደለችም» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ማረሻ ሊያደርስ መጥቶ ከደጅ ቆሞ የነበረው አያ ደምለው «ጌታው፣ ማረሻው ይታይልኝ» ብሎ ጠራው። ከጓዳው ጀርባ፣ ጎተራው ሥር ቆሙ።

«አያ ፈንቴ፣ በሞቴ ዝም ይበሉልኝ።»

«ምን ማለትህ ነው ደምለው? የሰው ልጅ የእኔ ናት ልበል?»

«ይበሉ። የእኔ መሆኗን ካወቁ ዛሬውኑ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሌላም አይመጣላት። እኔ ነገ ሟች ነኝ፣ ልጄ ከዚያ ከወናፍ ሥር ልትቀርብኝ ነው?»

«አንተስ? አንተ ምኗ ልትሆን ነው?»

«እኔማ ጎረቤት ነኛ። ገበያ ስትወጣም አያታለሁ እኮ። ማየት መች ቀረብኝ?»

አባቴ በሬ ሲሸጥ እንኳ «ይኸ ይዋጋል፣ ያ ይተኛል» ብሎ ነውሩን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ነበረ። ያን ዕለት ግን ማረሻውን ከደምለው እጅ ተቀበለ። ከዚያ ገባና ሽማግሌዎቹን «ልጄ ናት» አላቸው። በሕይወቱ ሌላ ውሸት ሲዋሽ አልሰማሁትም። ጎረቤቱም ለእርሱ ክብር ሲል ምስጢሩን ያዘለት።

የጋብቻ ነገር ሲመጣ ዘር ይቆጠራል፤ ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ወደ ላይ ይጠራል። ሙሽራዋ ራሷም ብትጠየቅ መደናገር የለባትም። ስለዚህ ውሃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንለቅም፣ የእኔን አያት ቅድመ አያቶች ለትዋብ የማስጠናት ሥራ የእኔ ሆነ። ጎበዝ ነበረች፣ ቶሎ ያዘችው። አንድ ቀን ግን በድንገት «አባትሽ?» ብላት «ደምለው» አለችና አፏን ያዘች። በመጀመሪያ ሳቅን። ኋላ እርሷ እንስራዋን አውርዳ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠችና አለቀሰች፤ እኔም እንስራዬን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

የቀበሌው ጸሐፊ የአባቴን ቃል አምኖ «ትዋብ ፈንቴ» ብሎ የነዋሪነት ወረቀት ጻፈ፤ ማኅተምም አረፈበት። እውነተኛው ስም ተጽፎ የቀረው ከትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ብቻ ነበር። አያ ደምለው ካርዷን ይዘን ከዋንዛዋ ሥር እንድንመጣ አደረገ። ማንበብ አይችልም።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

አሳየሁት። በከሰል የጠቆረ ጣቱን ከስሙ ላይ አሳረፈ።

«ይችን ታህል ናት?»

ከዚያ ካርዱን ከፍሙ ላይ አስቀመጠና ወናፉን ይነፋ ጀመር። ለአንዲት ወረቀት ወናፍ አያስፈልጋትም፤ ገና ፍሙን ስትነካ ተያይዛ አልቃለች። እርሱ ግን ብረት የሚያግል ይመስል ነፋ፣ ነፋ። ትዋብ «በቃ አባ፣ በቃ» እያለች እጁን ያዘችው። አባ ስትለው የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። አያ ደምለው ከቤታችን ጀርባ ለወጥ ሠሪዎቹ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ትዋብ የአባቴንና የእናቴን ጉልበት ስማ ስትነሣ፣ አባቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁ፤ ሰው ልጁን ሲድር ነውና ማንም አልገረመውም። ሙሽራዋን የጫነችው በቅሎ ከዋንዛዋ ሥር ስትደርስ አያ ደምለው ቀድሞ ደርሶ ጠበቃት። አንዲት ቀጭን፣ ከመርፌ እጥፍ የማትወፍር የስፌት ወስፌ ሰጣት። ወስፌ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው፣ የሚጠረጥር የለም። እርሷ ከበቅሎዋ ወርዳ ጉልበቱን ልትስም አትችልም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ ተቀበለችው።

«ይቅናሽ፣ የአያ ፈንቴ ልጅ» አላት።

ከዚያ በኋላ የሚገናኙት አንበሳሜ ገበያ ነበር። እርሱ ማጭድና ቢላዋ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እርሷ ትመጣና አንዱን ማጭድ አንሥታ «ስንት ነው?» ትለዋለች። ይነግራታል። «ይቀንሱልኝ እንጂ» ትላለች። «አያዋጣም፣ የኔ እመቤት» ይላል። እንዲህ እየተከራከሩ ይቆዩና አስቀምጣ ትሄዳለች። አብሬያት የነበርሁበት አንድ ቀን አጠገባቸው ያለ ነጋዴ «ምን ዓይነት ቆንቋና ሴት ናት!» ብሎ ሲያማት ሰምቻለሁ። እነርሱ ግን ያችን ክርክር ይዘው ሳምንቱን ይገፉ ነበር።

በተከታዩ ክረምት አያ ደምለው ሞተ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ተቆርጧል፤ ባይቆረጥስ ማን ሄዶ ምን ብሎ ያረዳታል? አባቴ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ጭቃ እየረገጠ ቀበረው። ትዋብ መስከረም ከጠባ በኋላ ገበያ ወጥታ አያ ደምለውን ከቦታው አጣችው። ጨው ነጋዴዋን ብትጠይቃት «ያ የቁሐሩ ቀጥቃጭ ነው? ሞተ እኮ፣ እዚያው በክረምቱ» አለቻት። ጨውዋን ገዝታ፣ ቤቷ ገብታ፣ ራት ሠርታ፣ ለባሏና ለአማቷ አቀረበች። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም ድምፅዋ አልተለወጠም።

ኅዳር ላይ አባቴ ከአጨዳ ሲመለስ ታመመና ሳይሰነብት አረፈ። ለትዋብ በወጉ መርዶ ተላከላት። ባሏን፣ አማቷንና የባሏን ዘመድ አስከትላ፣ ገና ከሜዳው ማዶ ጀምራ እየጮኸች መጣች። አለቃቀሷ ጉድ ተባለ። እኔ የአብራኩ ክፋይ እንደ እርሷ ማልቀስ አልቻልሁም። ከእርሷ ጋር የመጡት ሴቶች «ልጅ ማለት ይህች ናት» እያሉ በእኔ ላይ ይንሾካሾካሉ። ከመካከል ቆማ ሙሾውን ተቀበለች፦

ወናፉ ዝም አለ፣ ፍሙም አመድ ሆነ፣
አባቴን ሳልቀብር ክረምቱ ባከነ።

ገበሬ ሲሞት ሙሾው በሬውን፣ ሞፈሩን፣ አውድማውን ይጠራል። የገበሬ ልጅ ወናፍን ምን ብላ ታነሣለች? አባቴ የሞተው ደግሞ በአጨዳ ነው፣ በክረምት አይደለም። አጫፋሪዎቹ መቀበል አቃታቸው። እናቴ ቶሎ ብላ ሌላ አወጣች፣ ጩኸቱም ቀጠለ። ትዋብ ምን እንዳለች ያወቀች አልመሰለኝም። ያን ሁሉ ወር የዋጠችው በራሱ ጊዜ ነው የወጣው።

ከለቅሶው በኋላ ትዋብ ለአማቷ ጠላ ቀድታ ሰጠቻት። አማቷ ዋንጫውን ተቀበለች፣ አየችው፣ ሳትቀምሰው ከእግሯ ሥር አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንዳለቀ ገባኝ። ስድብ የለ፣ ጠብ የለ። ሲነሡ ብቻ «ሐዘኗን እስክትጨርስ ከናቷ ጋር ትቆይ» አሉ። አለልኝ የጫማውን ጭቃ እያየ «ቶሎ እመጣለሁ» አላት።

ጠበቀችው። ፀጉሯን እየተሠራች፣ ወደ ጉማራ መንገድ ቆማ እያየች፣ ያን በጋ ጠበቀችው። አንድ ቀን እስከ ወንዙ መጥቶ ሳይሻገር ተመለሰ አሉ፤ ይወዳት እንደነበር አምናለሁ። ኋላም በዘመድ ሌላ አጋቡት። በእርሱ ልፍረድ ብዬ አስብና፣ የእናቴ ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ዋንጫ ትዝ ስትለኝ እተወዋለሁ።

ትዋብ ሌላ አላገባችም። እኔ ወረታ ስገባ አብራኝ ገባች፤ ልጆቼን አሳደገች፣ በዚያች ወስፌ ሰፌድና መሶብ እየሰፋች ትሸጥ ነበር። ወስፌዋ ተበልታ አጥራለች፣ አሁን ከእኔ ዘንድ ናት። በዕድሩም፣ በመታወቂያዋም «ትዋብ ፈንቴ» ናት፤ ስታርፍ ጥሩምባ የተነፋው በዚሁ ስም ነው። የእኔ እህትነት በውሸት ተጀመረ እንጂ ውሸት ሆኖ አልቀረም፤ አብረን በኖርንበት ዕድሜ እውነት ሆኗል። ሌሊቱን ያስጨነቀኝም ይኸው ነበር። የአባቴን ስም ባስጽፍ ማንም ምንም አይለኝም። ግን ያ ወናፍ አሁንም ይነፋል ማለት ነው፣ የምነፋውም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ብየዳ ቤቱ ሄድሁ። ልጁ «እህ፣ እማማ፣ ተገኘ?» አለኝ።

«ደምለው በል። ትዋብ ደምለው።»

ጻፈው። ከ«ትዋብ» ቀጥሎ ሰፊ ቦታ ይዞ ተቀመጠ።

«ምን ነበሩ አባትዬው? ገበሬ?»

«ቀጥቃጭ ነበር» አልሁት። ይህን ቃል ስለ ትዋብ አባት ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እንዴ! የእኛው ሰው ናቸዋ!» አለ ልጁ ደስ ብሎት፤ ኩባያውን አጠብ አጠብ አድርጎ ውሃ ሞላና «ይጠጡ እማማ፣ ይቀመጡ፣ አሳምሬ ነው የምሠራላቸው» አለኝ።

ተቀብዬ ጠጣሁ። የተረፈውን እርሱ ጨለጠው፤ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ፣ የአባቴ ለቅሶ ላይ ያቃተኝን ልቅሶ አለቀስሁ።