ሳያይ የቀረጸው ቃል

የመንገዱ ሰው ሁሉ «ልየው» ነው የሚለው። ስሙ አይደለም፤ አመሉ ነው። አዲስ ጫማ ገዛሁ ብትሉት «እስቲ ልየው»፣ ልጄ አንደኛ ወጣ ብትሉት «ካርዱን ልየው»፣ ዝናብ መጣ ብትሉት እንኳ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጠብታ ካላረፈበት አያምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነው፤ እንጀራውንም የሚበላው ከዚሁ ጥርጣሬ ነው።

ሥራው በነሐስ ሰሌዳ ላይ ስም መቅረጽ ነው። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ በሩ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ እንዲለጠፍለት የሚፈልግ ሁሉ ወደሱ ይመጣል። ስም መቅረጹስ ቀላል ነበር። ችግሩ፣ ደንበኛ ስሙ ብቻውን ከዋለ ብርድ የሚመታው ይመስለዋል፤ ከፊቱ አንድ የዝና ቃል እንዲደረብለት ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ልየው ከአባቱ የወረሰውን ደብተር ከእጁ የማይለየው። አባቱም እዚያው ወንበር ላይ ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእንግሊዝኛውን የዝና ቃላት ከታች ወደ ላይ ደርድረዋቸዋል። «ዌል ኖውን»፦ ሰፈሩ የሚያውቀው፤ በምን እንደሚያውቀው አትጠይቅ። «ፌመስ»፦ ስሙ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ። «ሪናውንድ»፦ ሰው ከሌላ ከተማ ፈልጎት የሚመጣ። «ዲስቲንጉዊሽድ»፦ ሲገባ የሙያ ጓደኞቹ ብድግ የሚሉለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ኤሚነንት»፦ የገዛ ተቀናቃኙ ሲጨንቀው ወደሱ የሚሄድ፤ በኛ አፍ አንቱ የተባለ። ከሥሩ በቀይ «ሳታይ አትቅረጽ» ይላል።

እሱም ያያል። ፌመስ ልብስ ሰፊ ነኝ ያለው ሰውዬ ጋ ሄዶ ሱሪ አሰፋ፤ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ጣት አጠረ። «ዌል ኖውን» ብሎ ቀረጸለት፤ ሱሪውንም ማስረጃዬ ነው እያለ እስከዛሬ ይለብሰዋል። ለአንዱ ጠበቃ ሲል ሦስት ቀን ችሎት ተቀምጦ ውሏል። ሰውየው ሲከራከር ዳኛው ሲያንቀላፉ አየና፣ ስምህ ብቻውን ይበቃሃል ብሎ መለሰው። ሰው ተቀየመው፤ እሱ እቴ!

ሚስቱ የሸሚዝና የኮት ቁልፍ ቀዳዳ በእጇ የምትሰፋ ናት። ግራ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማና ብርሃን ከመለየት አያልፍም። አሁን ደግሞ ቀኙን ሞራ ጋረደው፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃታት ሰነበተ። እሱ ከተበላሸ ሌላ ዓይን የላትም። አንድ ቀን ከሰዓት እያንጎራጎረች ገባች።

«ሐኪም አገኘሁ። ሐሙስ ይሠራልኛል።»

«የትኛው ነው?»

«ፋርማሲው አጠገብ የከፈተው ነዋ። አንተ ሰውዬ፣ ኤሚነንት ነው እኮ!»

«ማን አለ?»

«አንተ ነሃ! ሰሌዳውን በጣቴ ዳበስኩት። የፊደሏን ጭራ እንዴት እንደምታዞራት ላጣው ነው? የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ወሬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ያንተ እጅ ግን ሳያይ አይቀርጽም።»

ልየው ክው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሽክ ያለ ሰው መጥቶ፣ የሚስቱ ወንድም ዓይን ሐኪም መሆኑን፣ ክሊኒኩ ከነገ ወዲያ እንደሚከፈት ነገረው። «ኤሚነንት በሉልኝ» አለ። ልየው እንደ ልማዱ «መጀመሪያ ልየው» አለ። ሰውየው አልተከራከረም። «እርስዎ እንዳሉ። እኔማ በከተማው ዲስቲንጉዊሽድ የሚባል ቀራጭ ማነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሦስት ሰው ወደርስዎ ስለላከኝ ነው» አለ። ልየው ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሦስቱ ሰዎች እነማን ናቸው? አልጠየቀም! ዝናብን እንኳ የማያምን ሰው፣ ስለራሱ የተባለውን ሳያላምጥ ዋጠው። በማግስቱ ሰሌዳው አልቆ ተወለወለ።

«ሐሙስ ይሻላል አይደል?» አለችው ሚስቱ።

«አዎ። ሐሙስ ጥሩ ቀን ነው» አለ፣ ፈሪ።

በነጋታው ማለዳ ክሊኒኩ ሄዶ ተራ ጠባቂ መስሎ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር አስጠረጠረው። ወንበሮቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም። የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል። የሐኪሙ ምስክር ወረቀት ትልቅ ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጠጋ ብሎ ቀኑን ሲያነብ ሁለት ዓመት አልሞላውም። አጠገቡ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረ።

«አባባ፣ ማን ልኮዎት ነው?»

«ማንም አልላከኝ። በሩ ላይ ያለውን አንብበውልኝ ነው።»

ከሳቸው ቀጥላ ያለችውን ሴት ጠየቀ። እሷም ሰሌዳውን አይታ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሾፌር ሳይጠየቅ ገባበት፦ «ያንን የቀረጸው ሰውዬ ክፉ ተጠራጣሪ ነው አሉ። ለማንም አይጽፍማ! እሱ ካመነ እኔ ማነኝ?»

ልየው ተነስቶ ሊጮህ ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ? ተራው ደረሰና ገባ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«እኔን አይደለም። ዶክተር፣ እናትዎን የዓይን ሞራ ቢይዛቸው ማን ይሠራላቸዋል?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልየው አሁን ሊዋሽ ነው ብሎ ዓይኑን ተከለበት።

«አምና ይዟት ነበር» አለ ሐኪሙ። «አስተማሪዬ ናት የሠራችላት። መንግሥት ሆስፒታል፣ ሰባት ቁጥር። ሁላችንም የጨነቀን ነገር ሲመጣ ወደሷ ነው የምንልከው። ለምን ጠየቁኝ?»

«ሐሙስ አንድ ዓይን ብቻ የቀራት ሴት ትመጣለች።»

«የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋዋ?» ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «እሷንስ ፈርቻለሁ። ወደ አስተማሪዬ ልልካት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኤሚነንት ስለሆንክ ነው የመጣሁት ስትለኝ፣ ምን ብዬ አልችልም ልበላት? ያንን ሰሌዳ እኮ እኔ አላዘዝኩትም፤ የእህቴ ባል ነው።»

ልየው ከኪሱ ካቻቪቴ አወጣ። «የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ልንቀለው?»

«በሞቴ ይንቀሉት።»

ሰሌዳውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከሽክ ያለው ሰውዬ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሚስቱ ነሐሱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ሐሙስ ጥሩ ቀን ነው አልከኝ እኮ።» ሰሌዳውን ወደሱ ገፋችው። «አፍህንማ ድሮም አምኜው አላውቅም። ደረስኩ እያልክ ግማሽ ቀን የምታስጠብቀኝ ሰውዬ ነህ። እጅህን ነበር የማምነው።»

ሌሊቱን ስለ አስተማሪዋ ደጋግሞ ነገራት፤ ተቀናቃኝ እንኳ ወደሷ ይልካል፣ አባቴ የጻፉት ልክ እሷን ነው አለ። «አይተሃታል?» አለችው። አላያትም።

በነጋታው ሆስፒታል አብረው ሄዱ። ኮሪደሩ ረጅም፣ አግዳሚው እስከ ጫፍ በሰው የተሞላ ነው። ስሟ ሲጠራ ልየው ክንዷን ሊይዝ ቢጠጋ ቀስ ብላ አላቀቀችው። ሰባት ቁጥር በር ፊት ቆመች፤ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ዳበሰችው። ከቁጥሩ በቀር የተቀረጸ ነገር የለም።

«እሰይ» አለች፣ «እዚህስ እጅህ የለበትም።» እሱን ሳትጠብቅ ገባች።