የበግ አንጀት በሁዳዴ

ያሰሩን ደብረ ታቦር ዳር ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት የሻገተ ገብስና የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። የጉና ገበሬ ናቸው፤ ልጅዎ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው የተያዙት።

«አንተስ በምን ያዙህ፣ ልጄ?»

«በበግ አንጀት» አልኳቸው።

ቀልድ መሰላቸው። ምግብ አንጀት ሲደርስ፣ ጨጓራን «አሲድህ ይብቃህ» የሚል ሆርሞን ከአንጀት ይመነጫል። እኔ ያንን ለይቼ ለማጥራት ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንጀት ስቀቅል፣ በአሲድ ስዘፈዝፍ፣ ስጨምቅ ኖሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ የተረፈችኝ በብልቃጥ ጥግ የምትታይ ነጭ ዱቄት ነበረች። ሞኝነቴ በሁዳዴ መቀቀሌ ነው። አገር ሲጾም የሥጋ ሽታ ሸተተና ሰው ጠቆመ። ሲፈትሹ አሲድና ነጭ ዱቄት አገኙ፤ መርዝ ነው አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ማን እንዳዘዘህ ተናገር ነው ነገሩ። መርማሪው ሲያስገርፍ አይናደድም፤ እሱን የምፈራውም ለዚህ ነበር።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ሽማግሌውንም ከእኔ ጋር አስወጣቸው። ተረግጠው ደም ይተፋሉ። ዱቄቴን በሙሉ በብርጭቆ ውሃ በጠበጠና፣ መርዝ ካልሆነ ሽማግሌው ይጠጡት አለ። ለሰው አልተሞከረም አልኩ። ጠባቂው በሰደፍ አፌን አለኝ፤ ሁለት ጥርሴን ተፋሁ።

ብርጭቆው አፋቸው ላይ ሲደቀን ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከበግ አንጀት ነው፣ አባቴ።»

«ጾም ነኝ» ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ሰደፉ ጎናቸው ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ጠባቂው ሊደግማቸው ሲያነሣ ብርጭቆውን ከመርማሪው እጅ ነጠቅሁና ጨለጥኩት።

ጨው ጨው ይላል። በአፍ ሲወሰድ ጨጓራ ራሱ ስለሚፈጨው ለምንም አይሆንም፤ ሦስት ዓመቴ በአንድ ጉንጭ አለቀ። መርማሪው ሰዓቱን እያየ እስክሞት ጠበቀ። አልሞትኩም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ፤ ራሴን እስክስት በገዛ እጁ ደበደበኝ።

ስነቃ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ፤ ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ደሜን ይጠርጋሉ።

«በእኔ የተነሣ ጾምህን ገደፍህ» አሉኝ። «የንስሐውን ስግደት አብረን እንሰግዳለን።»

አይሆንም ብል አልሰሙኝም። እኔ በተገረፈ እግሬ መቆም አልቻልኩም። እሳቸው ጎናቸውን ይዘው ተነሡና፣ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ እያያቸው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። እኔ ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ላይ መነሣት አቃታቸው። በማግስቱ ጠርተው ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ተፈትቼ ዛሬም አንጀት እቀቅላለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ምድጃውን አጠፋለሁ። ስቅለት ቀን ስሰግድ ቁጥሩን ከአሥራ ሁለት እጀምራለሁ፤ አሥራ አንዱን እሳቸው ሰግደውልኛል።