ያዘመመችው ማንጎ

የማንጎዋን ልጥ ስፍቅ ያየሁት አረንጓዴ ነበር ወይስ ቡናማ? እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ነፋስና በረዶ ከሐይቁ ዳር በቁንዝላ በኩል የፍራፍሬውን ማሳ ካወደመው በኋላ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚድን ለይቼ ለገበሬዎቹ እንድነግር ከባሕር ዳር ግብርና ቢሮ ተላክሁ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ልጡን በቢላ ትፍቂያለሽ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ ይቃናል፣ ቡናማ ከሆነ ይቆረጣል። ትምህርት የጀመርሁት ሁለት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነውና፣ መጽሐፍ ያለውን ሁሉ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ነበር የምይዘው።

ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ከአራት ማንጎ ሦስቱ ተሰብረውባቸዋል። አራተኛዋ ግማሽ ሥሯ ተነቅሎ ወደ ሐይቁ አዘምማለች። ጎረቤቶቻቸው ገመድና ባላ ይዘው ሊያቃኑ ለደቦ መጥተዋል፤ ግን የደቦው ቀን አንድ ነው፣ የወደቀው ዛፍ ብዙ።

«ሐኪሟ ምን ትላለች?» አለ አንዱ ገመዱ ላይ እንደተቀመጠ። «መርፌ ትወጋ ወይስ ለፍትሐት ቄስ ይጠራ?»

ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። «ልጄ፣ የቀረችኝ እሷ ናት። እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ።

ፋቅሁ። የሐይቁ ነጸብራቅ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ቢላው ጭቃ ነክቶታል። አረንጓዴ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ቡናማ መሰለኝ። ሌላ ቦታ መፋቅ ነበረብኝ። አንድ የተሳሳተ ፊደል ሳላርም የማላልፍ ሰው፣ ያን ዕለት እንዴት እንዳለፍሁ አላውቅም። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ።

«አትድንም» አልሁ።

መጋዙ ቆርጦ ሲወጣ ጉቶዋ እርጥብ ነበር። እርጥብ ከሆነች በሕይወት ነበረች ማለት ነው? ወይስ የበረዶው ውኃ ነው? ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ስለ እርጥብ ጉቶ የሚለው ነገር የለም። ለማንም አልተናገርሁም።

በዓመቱ ችግኝ ላከፋፍል ተመለስሁ። ከሽማግሌው ጋር ጉድጓዱ ዳር ተንበርክከን ስንተክል፣ «አባቴ» አልኋቸው፣ «ያን ጊዜ እርግጠኛ አልነበርሁም። አረንጓዴም መስሎኝ ነበር።»

አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁ።

«እኔም አንቺ ሳትመጪ ጠዋት ፍቄያት ነበር» አሉ። «አረንጓዴ መሰለችኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ዓይኔ እኮ ደክሟል። የተማረች ሰው አትድንም ስትል፣ የዋሸው የኔ ዓይን ነው አልሁ።» እጃቸውን ወደ ጀሪካኑ ዘረጉ። «በይ፣ ውኃውን አቀብይኝ።»