ጉም ውስጥ ዝም ያሉት አባቴ

አምና በጥቅምት የሆነ ነው። ዛሬም ብቸና በምሠራበት መድኃኒት ቤት ቆሜ ደመናው ዝቅ ሲል ካየሁ እጄ ሳላስበው ስልኬን ይፈልጋል።

አባዬ መርጡለ ማርያም የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። በተማሪነታቸው ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ሲሄዱ የጮቄን ተራራ በእግራቸው አቋርጠውታል። «ሳልሞት ያንን ጅብራ አንድ ጊዜ ባየው» ማለት ካበዙ ቆይተዋል። እኔ ልውሰዳቸው ስል ግን ወንድሞቼ «ጉልበታቸው የደከመ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰው ገደል አፋፍ ይዘሽ ልትሄጂ? አንድ ነገር ቢሆኑ በአንቺ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ከተባልኩ ጭራሽ ይብስብኛል። ባለቤቴ አስማረ አካባቢውን የሚያውቅ የሞጣ ልጅ ነውና መኪናውንም ጥበቃውንም እሱ አፈላለገ።

ቦታው የተከለለ ስለሆነ ያለ ጥበቃ አይገባም። መኪናው ከቆመበት ቀስ እያልን ወጣን። አባዬ እንደ ዛፍ የቆመው የደጋ ተክል፣ ጅብራው ጋ ሲደርሱ ግንዱን እንደ ዘመድ ዳበሱት። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። በልቤ ወንድሞቼን «አያችሁ!» አልኳቸው።

ምን ዋጋ አለው! ከሰዓት በኋላ ጥበቃው «ድኩላ፣ ድኩላ» ብሎ አንሾካሾከ። እኔና አስማረ ስልካችንን ይዘን በደረታችን ተኛን። እናቲቱ ከነግልገሏ ነበረች፤ ስታምር! ጠግቤ አይቼ ዞር ስል አባዬ የሉም።

ወዲያው ጉም ወረደ። የገዛ ጫማዬን ማየት አቃተኝ።

«አባዬ!» ዝም። «አባዬ!» ዝም። አስማረም «አባባ!» እያለ ተጣራ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ «እህቴ፣ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ፤ በስተግራ ገደል ነው» አለኝ።

ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባዬ ጸሎት ከጀመሩ ለማንም አይመልሱም። ልጆች ሳለን ዳዊት ሲደግሙ ጥጃ መጥቶ የተሰጣውን ገብስ ሲበላ እንኳ፣ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ «እም! እም!» ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር። በዚያ ነፋስ «እም» ከየት ይሰማል? ወይ ጸሎት ላይ ናቸው፣ ወይ ገደል ውስጥ። ሁለቱም ዝም ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ደረቴን ልምታ?

አስማረ መቆም አልቻለም። «ወድቀው ከሆነስ? ቆመን ልናይ ነው?» ብሎ ወደ ግራ ሄደ። ጥበቃው ጃኬቱን ቢይዘውም አስለቀቀው። ከእግሩ ሥር ጠጠር ሲንከባለል ሰማሁ። ጠጠሩ ወረደ፣ ወረደ፤ የት እንዳረፈ ግን አልተሰማም። አባቴን ፍለጋ ባሌንም ላጣ ነው!

«ኡኡ! አስማረ፣ ገደል ነው! አባዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይናገሩ!» ብዬ ጮህኩ።

«አለሁ! አስማረ፣ ቁም! ወደኋላ ተመለስ!»

አባዬ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ነበሩ፤ እዚሁ አጠገባችን። መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። አስማረ በእጁ እየዳበሰ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እጁ በረዶ ሆኗል። አባዬ ግን መልሰው ዝም አሉ። ለካ ጸሎቱ ስለተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረውታል! እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ጉሙ ሳስቶ፣ እሳቸውም ጨርሰው ሲመጡ ተቆጣሁ። አዎ፣ አባቴን ተቆጣሁ። «ምን ነበረበት ቀደም ብለው ቢመልሱልኝ?»

«በመቋሚያዬ ድንጋዩን እየመታሁልሽ ነበር፤ ነፋሱ በላው እንጂ» አሉ ረጋ ብለው።

«ታዲያ በመጨረሻ ለምን ተናገሩ?»

«እግዜር እንደሆነ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። የአንቺ ልብ ግን የሚጠብቅ አልመሰለኝም።»

እጃቸውን ይዤ እስከ መኪናው ድረስ ሳልለቅ ወረድኩ። ለወንድሞቼም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ማታ ማታ ይደውሉልኛል። «ልጀምር ነው፤ ብትደውይ አላነሣም» ይሉና ይዘጋሉ። ሌላ ወሬ የለም። እኔም ያቺን ካልሰማሁ እራት አይወርድልኝም።

ባለፈው ሰሞን ሳይደውሉ መሸ። ብደውል አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም አይነሣም። ያ ጉም ቤቴ ድረስ የመጣ መሰለኝ። አስማረ ጫማውን ማሰር ጀምሯል። እንደገና ስደውል ተነሣ፤ ግን የሚናገር የለም።

«አባዬ?» አልኩ።

«እም!» አሉ።

«እሺ፣ እሺ አባዬ፣ ይጨርሱ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ሁሉ ቅኔ የሚያውቁ አባት ከነገሩኝ ቃል ሁሉ ያቺን «እም» የምትበልጥብኝ የለችም።