አረንጓዴውን ሳላይ አልነሣም

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለስሜ ያህል ነው። ካዛንቺስ አንድ የኮምፒውተር ቢሮ በጥበቃነት ስቀጠር ግን ጥቁር ስክሪን ጠብቅ ተባልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አስነሣለሁ። ኮምፒውተሩ የደንበኛ ፋይል እየገለበጠ ከሆነ፣ ሳይጨርስ ጀነሬተሩ መጥፋት የለበትም። መሐል ላይ ከጠፋ የሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚወርደው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ኃላፊዋ ዘዴ ፈጠረችልኝ።

«ጋሼ፣ ከተበላሸ በቀይ ይጽፋል፤ ይደውሉልኝ። ሲያልቅ በአረንጓዴ ይጽፋል፤ ያኔ ጀነሬተሩን አጥፍተው፣ ቆልፈው ይሂዱ። ኪቦርዱን ግን እንዳይነኩ።»

አንድ እሑድ ክለቤ ስታዲየም ይጫወታል። ኃላፊዋና አብሯት የሚሠራው ኢንጂነር ደምበል ምሳ ተጋብዘዋል። መብራት ጠፍቶ እኔ ጀነሬተር አስነሥቼ ስክሪኑ ፊት ተጎልቻለሁ። ነጭ ጽሑፍ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ቀይም የለ፣ አረንጓዴም የለ። ጨዋታው ሊጀመር ነው። ደወልኩላት።

«ቆሟል። ነጭ ነው።»

«ነጭ?» አለችና አጠገቧ ባለው ኢንጂነር ላይ ስትጮህ ተሰማኝ። «አንተ! ቀለሙን አጥፍተኸዋል እንዴ?»

«ማለቴ... የገና ዛፍ አስመሰልሽው እኮ! ዓይኔን ሲያወናብደኝ አጠፋሁት።»

ስልኩን ተቀበላት። «ጋሼ፣ ከቆመ አልቋል፤ በቃ ያጥፉት።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ ግን...»

«እንግዲያው አረንጓዴ ሳላይ አላጠፋም።»

ግትር ነህ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። የስታዲየሙ ጩኸት በመስኮት እየገባ ይጠራኛል፣ እኔ ግን ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።

ኋላ ኢንጂነሩ በሙሉ ልብስ፣ በላብ ተጠምቆ መጣ። ስክሪኑን አየና «ይኸው! ካለቀ ቆይቷል» አለ።

«አረንጓዴው የታለ?»

«እኔ እያልኩዎት!»

«አንተ አረንጓዴ ነህ?»

ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። የሆነች ነገር ጽፎ ቀለሙን መለሰና ያንኑ መስመር በአረንጓዴ አወጣው። መነጽሬን ጠርጌ፣ ቀረብ ብዬ አየሁት።

«ቀዩም መሥራቱን አሳየኝ» አልኩት።

አሳየኝ። ምን ያድርግ!

ጀነሬተሩን አጥፍቼ በሩን ቆለፍኩ። «ያስረፈድከኝ አንተ ነህ፤ አድርሰኝ» ስለው ኮንትራት ታክሲ ያዘ። ስታዲየም ስንደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ስለቀረው በሩን ከፍተው ሰዉን በነጻ ያስገባሉ። «አንዴ አየት አድርጌ ልመለስ» ብሎ ተከተለኝ። ገና ከመግባታችን የኛ ልጆች አገቡ። ሰውዬዬ ከረባቱን ፈትቶ እያውለበለበ ወንበር ላይ ወጣ። ለካ የኔው ክለብ ደጋፊ ኖሯል!

ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነች አየና ለእኔ አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እስካሁን አልጨረሰም እንዴ?»

«ቀለሙን እያስተካከለ ነው። ሥራ አታስፈቺው።»

«ጩኸቱ ምንድን ነው?»

«የሠርግ መኪና እያለፈ ነው፣ ልጄ» ብዬ ዘጋሁት።